ሰው የሌለበት ዝናብ በደባርቅ ቪዲዮ ቤት

«እንዲህ ያለ ፊልም ለተማረ ሰው ነው» ይባላል። ውሸት ነው። ታሪክ የሌለውን፣ ተዋናይ የሌለውን፣ መነሻና መድረሻው የማይታወቀውን የድሮ የሙከራ አጭር ፊልም ከተማረ ሰው ጋር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። የተማረ ሰው እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። መብራት ሲበራ ሌላው ምን እንደሚል ለመስማት ዙሪያውን ያያል። ከዚያ «ግሩም ነው» ይላል። አልገባውም። አለመግባቱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መነቅነቁ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ፊልም ሰዎች ከልባቸው ሲያዩት ያገኘሁት ደባርቅ ውስጥ፣ በአንዲት ቪዲዮ ቤት፣ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ደባርቅ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ከዩኒቨርሲቲ ይዤው የመጣሁት ሀብት አንድ ሣጥን መጽሐፍና ብዙ ትዕቢት ነበር። መጽሐፉን ብርዱና እርጥበቱ በላው፤ ትዕቢቱ ግን ደጋ ተስማማው።

ቪዲዮ ቤቷ ከመናኸሪያው በላይ ነበረች። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ስድስት አግዳሚ፣ መስኮቱ ላይ የተወጠረ ብርድ ልብስ። ድምፅ ማጉያው በራፉ ላይ ተሰቅሎ የካራቴውን ቡጢና እርግጫ ለመንገደኛ ሁሉ ያሰማል። ወደ ዳባት ለመሄድ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሥጋ የሚከተፍ ይመስለው ነበር።

የቤቱን ባለቤት በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ከዚያ በፊት ጠላ ትሸጥ ነበር። ጠላ ሻጭ ማለት የሰካራም ወግ ከጠዋት እስከ ማታ የምትሰማ ሴት ማለት ነው፤ እሷ ዐሥራ አንድ ዓመት ሰማች። ከዚያ አንድ ቀን ጋኖቿን ለጎረቤት አስረክባ ቴሌቪዥንና ዴክ አስገባች። «ሰክሮ ከሚጮህ ሰው ሳይሰክር የሚጮህ ቴሌቪዥን ይሻለኛል» ትል ነበር። ቀልድ ይመስላል። አልነበረም። በጠላ ቤት ዘመኗ ስንት ሰው እጇን እንደጎተተ፣ ስንት ሰው በራፏን ረግጦ እንደገባ፣ የሚያውቅ ያውቃል።

ነገሩ የመጣው በተማሪዎች በኩል ነው። ተማሪ ከክፍል እየጠፋ ቪዲዮ ቤት መታየት ጀመረ፤ ወላጅ ከሰሰ። ከወረዳው አንድ ወጣት ሠራተኛ ተላከ። ከጎንደር የመጣ፣ ዲፕሎማው ገና ያልደረቀ፣ ክላሰሩን እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ የሚይዝ ልጅ ነው። ክፉ አልነበረም። ትእዛዙን ነገራት፦ በመጪው ቅዳሜ ሦስት የአገር ሽማግሌዎች ቤቱ ገብተው የሚታየውን ያያሉ፤ «ለኅብረተሰቡ የሚጠቅም ነገር አለው» ብለው ከመሰከሩ ይቀጥላል፤ ካልመሰከሩ ይዘጋል።

ሐሙስ ዕለት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«መምህር፣ አንተ ያላነበብከው የለም ይሉሃል። መሳሳም የሌለበት፣ ጥይት የሌለበት፣ ራቁት የሌለበት ፊልም አለህ?»

«መዝሙር አሳይያቸው።»

«ሽማግሌ ሆነው ለሚመጡት ለመሪጌታ? መዝሙር? ዘማሪውን ያስተማሩት እሳቸው ቢሆኑስ! ‹ዜማውን ሰበረው› ብለው ቤቴን እዚያው በመቋሚያቸው ይዘጉልኛል።»

«የሕንድስ?»

«የሕንዱ ይዘፍናል፣ ይላቀሳል፣ ከዛፍ ኋላ ይሳሳማል። ምኑን ላሳያቸው?» ነጠላዋን አጣፋች። «ቢዘጋ ወደ ጠላ ነው የምመለሰው። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። አልመለስም። አልመለስም አልኩህ!»

እኔ ጋ አንድ ካሴት ነበረ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ወደ ስሜን ተራራ የሚወጣ አንድ ፈረንጅ የፊልም አስተማሪ፣ በቅሎ እስኪገኝለት ሁለት ቀን አስተርጉሜለት ነበር። አዲስ አበባ ላለ ወዳጁ ይዞት መጥቶ ወዳጁን ያጣበትን ካሴት ለእኔ ሰጠኝ። ሦስት አጫጭር ፊልሞች ነበሩበት፤ ሦስቱም ድምፅ የላቸውም፣ ሦስቱም የተሠሩት አያቶቻችን ልጆች በነበሩበት ዘመን ነው። እንዲህ ስላሉ ፊልሞች አንብቤ ነበር። መጻሕፍቱ፣ ያን ጊዜ የነበረ ተመልካች እንዳፏጨ፣ እንደተሳደበ፣ ወንበር እንደወረወረ ይተርካሉ።

ዐርብ ዕለት ቤቱን ዘግተን ሁለታችን አየነው። ሲያበቃ ስክሪኑ በረዶ የመሰለ ነጭ ሆነ። እሷ እጆቿን አጣጥፋ ጠበቀች።

«መቼ ነው የሚጀምረው?»

«አልቋል።»

«ምኑ?»

«ፊልሙ።»

ዘወር ብላ አየችኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሰካራም ያየ ዐይን ነው። «ይሁን» አለች በመጨረሻ፤ «ቢያንስ ልብሱን ያወለቀ የለም።»

እውነቱን ልናገርና፣ እሷን ለመርዳት ብቻ አልነበረም ያመጣሁት። የአገር ሽማግሌ በእንዲህ ያለ ፊልም ሲቆጣ ለማየት ጓጉቼ ነበር። ወንበር ሲወረወር ማየት ፈልጌ ነበር ማለት ይቻላል። ወንበሮቹ ግን የእሷ ነበሩ። ይህ የታየኝ ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ ፊልም የሚገኝበት ጊዜ አልፏል።

የዚያ ዓመት ክረምት ዘግይቶ ነበር። ሰኔ ሊያልቅ ነው፤ መሬቱ ታርሷል፤ ገብሱ በጆንያ እንዳለ ተቀምጧል። ከመካነ ብርሃን ሳይቀር በእግሩ የመጣው ገበያተኛ የሚያወራው ስለ ሰማይ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ መሪጌታ ቪዲዮ ቤት ሊገቡ ነው የሚለው ወሬ ገበያውን ሲያዳርስ ጊዜ አልፈጀበትም። ስምንት ሰዓት ላይ አግዳሚዎቹ ሞሉ፤ በግድግዳው ዙሪያ ሰው ቆመ፤ በሩ ላይ ደግሞ ፍየሉን በገመድ የያዘ አንድ ሰውዬ ፍየሉ ውጭ፣ ራሱ ውስጥ ሆኖ ቀረ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ከፊት ተቀመጡ። አንደኛው መሪጌታ ናቸው፤ አቋቋም የሚያስተምሩ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜም የተማሩ፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መካከል አቁመው አገጫቸውን የሚያስደግፉ ሽማግሌ። ሁለተኛው የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ከከተማው በታች የገብስ ማሳ ያላቸው፣ ሁሉም አያ ዳኛ የሚላቸው ገበሬ። ሦስተኛዋ የስፌት ባለሙያ አሮጊት ናቸው፤ በሴቶች ጠብ የእሳቸው ቃል የመጨረሻ ነው፤ እሜቴ ይባላሉ። ሠራተኛው በጎን ተቀምጦ ክላሰሩን ከፈተ። እትዬ ዴኩ አጠገብ ቆማ ነበር።

የመጀመሪያው ፊልም ጥቁር መደብ ላይ ነጭ መስመር ነው። መስመሩ ይወርዳል፣ ሌላ ይጨመርበታል፣ ይሻገራሉ፣ ይበዛሉ፣ ድንገት ይጠፋሉ፣ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ሌላ ምንም የለውም።

አያ ዳኛ ጥቂት ታገሡና «ተበላሽቷል» አሉ።

እትዬ ደንግጣ ቴሌቪዥኑን በመዳፏ ጠፈጠፈችው። መስመሮቹ ቀጠሉ። ደግማ ጠፈጠፈችው።

«ተዪው፣ ምን አደረገሽ?» አሉ እሜቴ። አንገታቸውን አስግገው ነበር። «አልተበላሸም። ስፌት እኮ ነው።»

«የምን ስፌት፣ እሜቴ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ታያለህ ይቺን? አንድ ብላ ጀመረች፣ ሁለት አለች፣ እዚህ ጋ አለፈቻት... ይኸው! ቁጥሩ ጠፋት። ፈታችው።» መስመሮቹ ጠፍተው ስክሪኑ ጠቆረ። «አሁን ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ እይ።» አንድ መስመር ወረደ። ቤቱ በሙሉ «እህ!» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም መጽሐፍ አልነገረኝም። ሰዉ መቁጠር ጀመረ። መስመር በወረደ ቁጥር ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቆጥራሉ፤ ሲጠፋ «ወይኔ!» ይላሉ። ባለ ፍየሉ ሰውዬ «አሁንስ አትሳት!» ብሎ ጮኸ። ፊልሙ ሲያበቃ እሜቴ ተበሳጭተው ነበር። «ሳትጨርሰው ተወችው» አሉ። «ቁጥሩን ስታ አይደለም። ልቧ ሌላ ጋ ነው። እንዲህ የምትሰፋ ሴት የሆነ ነገር አስጨንቋታል።»

ስለዚያ ፊልም ከዚያ በኋላ ብዙ አንብቤአለሁ። ከዚህ የተሻለ ነገር የጻፈ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ፊልም የአንድ ሰው ፊት ነው፤ ከጎን። ሰውየው አይንቀሳቀስም። ብርሃኑ ብቻ ከግንባሩ ወደ አገጩ ቀስ እያለ ይወርዳል። እኔ የፈራሁት ይህን ነበር፤ ይሰለቻሉ ብዬ። የሆነው ሌላ ነው። ሰዉ ወደ ኋላው ሸሸት አለ፤ አንዲት ሴት አማተበች።

«ክፉ ሰው ነው» አሉ አያ ዳኛ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሠራተኛው ከክላሰሩ ቀና አለ። «እንዴት አወቁ? ምንም አላደረገም እኮ!»

«አንድ ዐይን ነው ያለው።»

«ከጎን ስለተነሣ ነው። ሌላኛው ዐይን በዚያ በኩል አለ።»

«አንተ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በአገራችን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት ያይሃል፤ ሰይጣኑ፣ ይሁዳና ወታደሩ ግን ከጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። እነዚህ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ግድግዳ ላይ ሲያነቡት የኖሩት ፊደል ነው። ፊልም ሠሪው ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ ምን ይሠራ እንደነበር እንጃ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሦስት ደቂቃ ሙሉ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንድ ክፉ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ጠበቀ።

ከዚያ ሰውየው ቀስ ብሎ ዞረ። ፊት ለፊት አየን፤ በሁለት ዐይኑ።

«ንስሐ ገባ!» አለች ያማተበችው ሴት።

ቤቱ ፈነዳ። አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዱ «ተመስገን» ይላል፣ ባለ ፍየሉ ደግሞ «ምን አግኝቶት ነው? ማን መከረው?» እያለ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይጠይቃል። መሪጌታ አላጨበጨቡም። አገጫቸው መቋሚያው ላይ እንዳለ ዐይናቸው ብቻ ሳቀ።

ሠራተኛው ወደ እኔ ጠጋ አለ። «መምህር፣ ይህ ነገር ለገበሬው የሚመጥን አይመስለኝም። እያዩት ያሉት ሌላ ነገር ነው። አልገባቸውም።»

«አንተ ገብቶሃል?»

«እኔማ... ፊት ነው። አንድ ሰውዬ ዞረ።»

«እንግዲያው ከሁላችንም ያነሰ ያየኸው አንተ ነህ» አልኩት። አሁን ሳስበው አልነበረብኝም። ብዕሩ በእሱ እጅ ነው፤ የሚዘጋው ደግሞ የእኔ ቤት አይደለም።

ሦስተኛው ፊልም ዝናብ ነው። ሰባት ደቂቃ ዝናብ ብቻ። የጣሪያ ጠርዝ ይታያል፤ ጠፈጠፉ ድንጋይ ላይ ይወርዳል፤ ድንጋዩ ሥር ውሃ ይጠራቀማል፤ ውሃው ላይ ክብ ይሠራል። ሰው የለም፣ ከብት የለም፣ ድምፅ የለም።

በመጻሕፍቱ ላይ፣ የጥንት ተመልካች ከስክሪኑ ሸሸ የሚባል ወሬ አለ። ከዝናቡ ማንም አልሸሸም። ሰዉ ሁሉ ቀረበ። ቆመው የነበሩት ከግድግዳው ተላቀው በአግዳሚዎቹ መካከል ገቡ። አያ ዳኛ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። የዘገየ ክረምት የሚጠብቅ ገበሬ ዝናብ ሲያይ ምን ዓይነት ፊት እንዳለው ካላያችሁ አልነግራችሁም፤ አይነገርም።

ከዚያ ክርክሩ ተነሣ።

«ካፊያ ነው።»

«የምን ካፊያ! ጠፈጠፉን አታይም? ይሄ መሬት ያረሰረሰ ነው።»

«ወጨፎ አለበት። ነፋሱ ከግራ ነው።»

«እንዲህ ያለው የቆላው፣ የድብ ባሕር ዝናብ ነው፤ ያስፈራራል፣ ይሄዳል።»

«ዝም በሉ» አሉ አያ ዳኛ። «ይሄ ዝናብ ለገብስ ነው። ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው፤ አይቸኩልም። ሌሊቱን ሙሉ የሚያድር ዝናብ ነው።»

ፊልሙ አለቀ። «ድገሚው» አሏት። እትዬ ካሴቱን አጠንጥና ደገመችው። ሰባቱ ደቂቃ ሲያልቅ እንደገና «ድገሚው» አሏት። ሦስት ጊዜ ዘነበ።

በሦስተኛው ማብቂያ ሠራተኛው ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ሽማግሌዎች አያችሁ። ለቃለ ጉባኤው አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። የመጨረሻው ፊልም ምንድን ነው? ምን ያስተምራል? ሰው እንኳን የለበትም።»

አያ ዳኛ ቀደሙ። «ያነሣው ሰው ገበሬ ነው። ዝናብ ሲጠብቅ ኖሮ ሲመጣለት ሌላ ነገር ማየት አቃተው። ይኸው ነው።»

«የለም» አሉ እሜቴ፤ «ሴት ናት። ቤቷ ያፈሳል። የት የት እንደሚያፈስ እየዞረች ታያለች። ጣሪያውን ያየኸው ለምን ይመስልሃል? ባሏ አልከደነላትም።»

ሰዉ ሳቀ። አያ ዳኛ «ሁልጊዜ ባል ነው ጥፋተኛው» አሉ።

«ጣሪያ ካፈሰሰማ ማን ሊሆን ነው?»

ሠራተኛው ግን አልሳቀም። ጽፎ አቆመ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። አንዱ ገበሬ ነው ይላሉ፣ አንዷ ሴት ናት ይላሉ። ምስክርነት ነው የተጠየቀው። የምስክር ቃል ከተለያየ ውድቅ ነው። በዚህ ላይ ‹ጠቃሚ ነው› ብዬ ልጽፍ አልችልም።» ቀስ ብሎ፣ እንደማዘን ብሎ ወደ እትዬ ዞረ። «ውድቅ ነው የምጽፈው።»

የእትዬ እጅ ዴኩ ላይ ነበር፤ እንደ ልጅ ራስ ትደባብሰው ጀመር። የማነበው ሁሉ፣ የምጠቅሰው ሁሉ፣ ለዚያች ደቂቃ የሚሆን አንድ ዐረፍተ ነገር አልሰጠኝም።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ ስማኝ። ምስክር ሲለያይ ይወድቃል፤ ደንብ ነው፣ ልክ ብለሃል። እኛ ግን ምስክሮች አይደለንም። ማን ሰረቀ ብለህ አልጠየቅከንም። ምንድን ነው ብለህ ነው የጠየቅከን። ምንድን ነው ከተባለ ትርጓሜ ነው። ትርጓሜ ሲለያይ ይጸናል።»

ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ለደቀ መዝሙር በሚናገሩበት ዜማ ቀጠሉ፦

«ሰው የሌለበት ስለምን ነው ቢሉ፥ ዝናብ ሰው አይቶ አይዘንብምና። አንድም፥ ሰው ሁሉ ከቤቱ ገብቷልና። አንድም፥ አያ ዳኛ እንዳሉት ገበሬ ነው፤ ከደስታው ብዛት ራሱን ረስቷልና አይታይም። አንድም፥ እሜቴ እንዳሉት ሴት ናት፤ ቤቷ ያፈሳልና ለመታየት ጊዜ የላትም። አንድም፥ ሰው አለበት። እኛ የምናየው አለንና።»

ለማያውቅ ልንገር። አንድም የቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ ትርጓሜ ቃል ነው። መምህሩ አንዱን ንባብ ይፈታና «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ አጠገቡ ይቀመጣል። ሦስተኛው ሲመጣ ሁለቱ ጠጋ ይሉለታል። እኔ ለዓመታት ከውጭ መጽሐፍ ስፈልገው የነበረ፣ አንድን ሥዕል ሳይገድሉ የሚያዩበት መላ፣ ከቤቴ መቶ እርምጃ ርቆ የቆሎ ተማሪዎች በየጠዋቱ ይማሩት ነበር። አልፌው ነበር የምሄደው፤ አንዳንዴም ጆሮዬን ይዤ።

ሠራተኛው ብዕሩን ይዞ ቆመ። «መሪጌታ፣ ይሄን ሁሉ ልጻፍ?»

«ጻፍ እንጂ። አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ?»

«አየኸው አይደለም? ሦስት ጊዜ?»

ልጁ ወደ ነጩ ስክሪን አየ። ከመጣ አራት ወሩ ነው፤ ማንንም አያውቅም፤ ማታ ማታ የተከራያት ክፍል ውስጥ ብቻውን እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቅ ነበር። «አንድም...» አለና አቆመ። ጆሮው ቀላ። «አንድም፣ የሚሄድበት የሌለው ሰው ነው። እንግዳ አገር ነው ያለው። መስኮት ላይ ቆሞ ነው የሚያየው።»

እሜቴ ዞረው አዩት።

«አንድም ሥራ ፈት ነው!» አለ ባለ ፍየሉ ከበሩ። ሳቁ ቆርቆሮውን አናጋው። ሠራተኛውም ሳቀ፤ ሲስቅ ያየነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ጻፋቸው» አሉ መሪጌታ፤ «ያንተንም፣ የእሱንም። ሁለቱም ይገባሉ።» እሜቴ ደግሞ ከተቀመጡበት፣ «ስምህን እንጃ እንጂ፣ ነገ እኔ ቤት ምሳ ትበላለህ» አሉት።

ቃለ ጉባኤው ተጻፈ። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። መጨረሻው ላይ፣ ቤቱ እንዲቀጥል፣ በትምህርት ሰዓት ለተማሪ እንዳይከፈት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «ትርጓሜ ያለው ፊልም» እንዲታይ ይላል። የወረዳ ማኅተም ያረፈበት «ትርጓሜ ያለው ፊልም» የሚል ሐረግ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አላየሁም። እትዬ ስለ ካራቴውስ ብላ ፈራ ተባ እያለች ብትጠይቅ፣ መሪጌታ «እሱ አንድም የለውም» አሏት። «ይመታል፣ ይወድቃል። ቢታይም ባይታይም ያው ነው፤ አሳዪው።»

ሰዉ ከወጣ በኋላ ከአግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «ጋን ሲታጠብ እንዴት እንደሚሸት ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «አትወቀው» አለች፤ ተነሥታም ቤቱን መጥረግ ጀመረች።

ዝናቡ በማግሥቱ አልዘነበም። ይህን የምጽፈው ታሪክ ለማሳመር ሲሉ ዝናብ የሚያዘንቡ ጸሐፊዎች ስላሉ ነው። ዘጠኝ ቀን ቆየ። ሲመጣ ግን አያ ዳኛ እንዳሉት ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ የማይቸኩል ነበር፤ ገብሱም ተዘራ።

የቅዳሜውን ዝግጅት እኔ ከደባርቅ እስክወጣ ስድስት ዓመት አብሬ ሠራሁ። ያቺን ካሴት እስክትሳሳ ድረስ አሳየናት፤ እኔም ወደ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ከባህል ማዕከላትና ከወዳጆች ሌላ እየለመንኩ አመጣሁ። የጥላ ፊልም፣ የእጅ ፊልም፣ የተገለበጠ ከተማ ፊልም። አንዳንዱ ከሽፏል፤ የተገለበጠውን ከተማ «የሰከረ ሰው ያነሣው ነው፤ እኔ በቂ አይቻለሁ» ብላ እትዬ ራሷ አጠፋችው። ወረዳው ወጣቱን ሠራተኛ ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውረው የሸኙት እሜቴ ናቸው፤ ሞሰብ ሰጡት። በኋላ ስልኩ መጣ፤ ቪዲዮ ቤት የሚባል ነገር ከአገሩ ጠፋ። የእትዬ ቤት ግን ዛሬም አለ። ዴኩ በፍላሽ ተተክቷል፤ ከመስኮቱ ላይ ብርድ ልብሱ ወርዶ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ጥቂት ሰዎች ይመጣሉ። ጠላ አልሸጠችም።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ አጭር ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጎበዞች ናቸው። ሲያሳዩ ግን አስቀድመው አንድ ገጽ ማብራሪያ ያድላሉ፤ ተመልካቹ ፊልሙን ትቶ ወረቀቱን ያነባል። ለምን ታድላላችሁ ስላቸው «ሕዝቡ ገና አልደረሰም» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ቤት አስባለሁ፤ ሕዝቡ ደርሶ ስንት ዓመት እንደጠበቃቸው።

ባለፈው ስደውልላት እትዬ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የምታሳየው አልቆባታል። ያሏትን ሁሉም በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ መሪጌታም አርጅተው ዐይናቸው ስለደከመ፣ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው በጆሯቸው እየነገራቸው ነው የሚተረጉሙት። አዲስ ካልመጣ ቅዳሜ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ አንተ ወይም አንቺ ይህን የምታነቡ፦ ማንም ያልገባው አጭር ፊልም ካላችሁ፣ ወይም የሠራ ሰው ካወቃችሁ፣ በፍላሽ ቅዱትና ለደባርቅ አውቶቡስ ሾፌር ስጡት፤ ከመናኸሪያው በላይ ያለችውን ቪዲዮ ቤት የማያውቅ ሾፌር የለም። ማብራሪያውን አትላኩ። ቅደዱት።